ማሽኑ «አንብበዋል» አለኝ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቅዝቃዜው ሲገባ እንደሚነሣብዎ አውቃለሁና ሱቅ ውስጥ አይንበርከኩ፤ ሶፋውን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ይሥሩ። እኛ ደኅና ነን። የልጅ ልጅዎ ፌንጣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትናገር ነፋስ ይወጣል፤ በራሷ ንግግር ስትስቅ ትውላለች።

ባለፈው ሳምንት በኮምፒውተር የጻፍኩልዎን እንዳነበቡት ማሽኑ ነግሮኛል። «ደብዳቤዎ ተከፍቶ ታይቷል» የሚል ማስታወቂያ በማግስቱ መጥቶልኛል። ስለዚህ አልደረሳቸው ይሆን ብዬ አልጨነቅም። ዝም ሲሉኝ ግን አጻጻፌ ጥሩ አልነበረም ብዬ አሰብኩ። ያኔ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነበር፤ አሁን በአጭሩ ልበለው።

ልጅዎ ካረፈ አራተኛ ዓመቱ ነው። በምሠራበት ሆቴል ሊፍት የሚጠግን ሰው አለ፤ ፌንጣ «ጋሼ ሊፍት» የምትለው፣ አንድ ቀን አጫውቼዎታለሁ። እንድንጋባ ጠይቆኛል። እኔም አልጠላሁትም። ነገር ግን ያለ እርስዎ ምርቃት እሺ እንደማልለው ነግሬዋለሁ። እናትና አባት እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ ያሳደገችኝ አክስቴም ካለፈች ቆየች። ዛሬ «ይሁን» ወይም «ይቅር» የሚለኝ ሰው ከእርስዎ በቀር የለኝም።

እስከ ወሩ አጋማሽ እመልስልሃለሁ ብዬዋለሁ። ሰውን አንጠልጥሎ ማቆየት ነውር ነው። መጻፉ ከከበደዎት ግን አይጻፉ። ዝምታዎን «ይቅር» ብዬ እወስደዋለሁ፤ አልቀየምም። የቀበሩት ልጅዎን ነው፤ የእኔ ነገር በዚያ ቁስል ላይ እንደ ጨው ቢሆንብዎ አይፈረድብዎትም።

ምራትዎ

*

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ለልጄ፣

አንቺንና ያቺን ዝላይ የማይሰለቻትን ፍጥረት በጤና ያሰነበተልኝ አምላክ ክብር ምስጋና ይድረሰው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ እንደ ልማዴ የመጣውን አነበብኩ። ትናንት የላክሽው የፌንጣ የጥርስ ፎቶ ደረሰኝ። ወንፊት መስላለች! ከፎቶው ሥር ለጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴ ደኅና ነው፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው የሚያጉረመርምብኝ።

ከአንቺ ረዘም ያለ ደብዳቤ ካየሁ ግን ሰነባብቷል። ሆቴሉ እንግዳ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

በዚህ ሳምንት አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ሶፋዋን አምጥታ «ቀለሙን እንደ ድሮው አድርግልኝ» አለችኝ። የድሮውን ቀለም ማን ያስታውሰው? እሷም ረስታዋለች። ስፌቱን ስፈታው ከእጥፉ ሥር ብርሃን ያልነካው ጨርቅ አገኘሁ፤ ደማቅ ሰማያዊ! ሴትዮዋ ስታየው እንደ ልጅ አጨበጨበች። ጎረቤቴ መነጽር ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ከሄደች በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተ ሰውዬ፣ ሶፋውን ከምትፈታ ሴትዮዋን ብታገባት አይቀልህም? ሁለታችሁም ስፖንጃችሁ አልቋል።» እኔ እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም። «ያገባ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚያገባው» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ሌላው፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። የፊደል ገበታውን አቧራ ስወለውል የትኛውን እንደነካሁ እንጃ፣ የደብዳቤው ስክሪን ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ዝርዝሩ አለ፤ ከታች ደግሞ ሳልጠራው ደብዳቤው ራሱ ይዘረገፋል። በሙያዬ መላ አበጅቼለታለሁና አታስቢ።

ፌንጣን ሳሚልኝ። ቀዳዳው ላይ ሳይሆን ግንባሯ ላይ።

አባትሽ

*

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ውድ አባባ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ስለ ሰማያዊው ጨርቅ የጻፉትን ለፌንጣ አነበብኩላት፤ «የእኛም ሶፋ ውስጥ ሌላ ቀለም አለ?» ብላ መቀስ ይዛ ስትመጣ ነው የደረስኩባት።

ረዘም ያለ ደብዳቤ ካየሁ ሰነባብቷል ያሉትን አየሁት። ለመነጽር ሻጩ የመለሱለትንም ደጋግሜ አነበብኩት። ገባኝ አባባ። እርስዎ ሰውን ፊት ለፊት «እምቢ» አይሉም። ልጅዎም እንዲሁ ነበር፤ የማይፈልገውን ነገር ስነግረው አልሰማሁም ይለኝ ነበር። በሌላ ሰው ወሬ አስታከው ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ፊት ለፊት ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ለሰውዬው እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ ይህን ነገር አናነሣውም። በእኔና በእርስዎ መካከል ምንም አልተለወጠም፤ ፌንጣም እንደ ሁልጊዜው በዕረፍቷ ትመጣለች።

ምራትዎ

*

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬ መካከል ላይ አቆምኩ።

ማንን ነው እምቢ ያልኩት? ምን ጠይቀሽኝ ነው? የምትነግሪው ሰውዬ ማነው? በቅዱሱ ስም እምልልሻለሁ፣ ከአንቺ ጥያቄ አልደረሰኝም። የመነጽር ሻጩን ቀልድ የጻፍኩት ለቀልድነቱ ነው፤ አንቺን ለመንካት ከሆነ እጄ ይሰበር። ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ግን ይቅር በይኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ይቅርታ መጠየቄም ሳያናድድሽ አይቀርም።

ስልክ ደወልኩ። ፌንጣ አነሣችው። የጆሮዬን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ሳቋን እንጂ ቃሏን አልሰማሁም። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ መሰለኝ። እባክሽ ጻፊልኝ፤ አንድ መስመርም ቢሆን።

አባትሽ

*

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ልጄ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ጥያቄሽን አገኘሁት። ሁለቱንም ደብዳቤ አገኘኋቸው።

ከመነሻው ልንገርሽ፤ ያለዚያ እብድ ነው ትይኛለሽ። ባለቤቴ ዓይኗ ከደከመ ጀምሮ ደብዳቤ የሚነበበው እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እሷ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ አነብላታለሁ። ሰኞ የመጣ ቢሆንም እስከ እሑድ ይቆያል። «በሥራ ቀን የተነበበ ደብዳቤ በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰማው» ትል ነበር። እሷ ካረፈች በኋላም አልተውኩትም። አሁንም ለወንበሩ አነባለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ መነጽር ሻጩ እንኳ አሁን ነው ያወቀው።

እንግዲህ ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ችግር ሆነብኝ። ጨርቅ ለማዘዝ በሥራ ቀን ስከፍተው ከላይ ያለውን ደብዳቤ ራሱ ይዞ ከታች ይዘረግፈዋል። ዓይኔ እንዳይሰርቅ ብዬ ከሥራ የተረፈ ከፋይ ጨርቅ በልኩ ቆርጬ በፕላስተር የስክሪኑን የታችኛውን ግማሽ ሸፈንኩት። መላ ያልኩሽ ይህንን ነው። ደግሞ ጠርዙን ዘምዝሜዋለሁ።

ዛሬ መነጽር ሻጩ ሊያየኝ ገባ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን በደኅና ያየኝ ሰው ፊቴ ጠቁሮ ሲያገኘኝ ጊዜ «ምን ሆነሃል?» አለ። ከዚያ ስክሪኑን አየ።

«ኮምፒውተሩ ታሟል እንዴ? ብርድ ልብስ አልብሰኸዋል!»

«ደብዳቤ እንዳላይ ነው።»

«ደብዳቤ እንዳታይ ነው የደብዳቤ ማሽን ያስቀመጥከው?»

ነገሩን አስረዳሁት። ሳይስቅ ሰማኝ፤ እሱ ሳይስቅ ሲሰማኝ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ የከፋዩን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ አየና፣ «ወንድሜ፣ አንተ ነህ እንጂ ያላየኸው ማሽኑ አሳይቻለሁ ብሎ ተገላግሏል። እዚህ ታች የተዘረጋ ደብዳቤ ሁሉ ተነበበ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ ከላይ ያለው መስመሩ መድመቁን ይተዋል» አለኝ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሟቹ ልጄ ይህን ማሽን ሲያስተምረኝ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «አባዬ፣ የደመቀው ያልተነበበ ነው፤ ያልደመቀው ያለቀለት ነው።» እኔ እሑድ እሑድ የደመቀውን ብቻ እየለቀምኩ አነባለሁ። የአንቺ ሁለት ደብዳቤዎች ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ማስታወቂያ መካከል ሳይደምቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ የተረፈው ጨርቅ ስላላዘዝኩ ማሽኑን እስከ እሑድ ስላልከፈትኩት ነው።

አንብበዋል የሚለውን ማስታወቂያ ደግሞ የሚልክልሽ ልጄ ያደረገው ነገር ነው። «ለመልስ ቀርፋፋ ነህ፤ ቢያንስ በሕይወት መኖርህን ማሽኑ ይንገረኝ» ብሎ አስተካክሎት ነበር። እሱ ቀድሞኝ ሄደ፤ ማሽኑ እስከ ዛሬ ይናገራል።

ሁለቱንም ደብዳቤ አነበብኳቸው። መልሱን ግን ዛሬ አልጽፍልሽም። ታገሺኝ። ማሽኑ ለሠራው ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ የቀረው የእኔ ነው።

አባትሽ

*

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ውድ አባባ፣

ከፋዩ ጋ ስደርስ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሻንጣ ተሸካሚው ደንግጦ ዞረ። ወደ ወንበሩ ተመልሼ ሳነበው ግን ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ ብለው ጽፈውልኝ ነበር እኮ! በሆቴሉ ስንት እንግዳ ኢሜይሌ ጠፋ ሲለኝ የማስተካክል ሰው፣ የእርስዎ ሲሆን ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ዐለፍኩት። የእኔም ጥፋት አለበት።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። በፊደል ገበታው የላይኛው ረድፍ ላይ ኤፍ ስምንት የሚል ቁልፍ አለ። እሱን አንዴ ሲጫኑት የታችኛው ክፍል ይዘጋል፤ እንደገና ሲጫኑት ይከፈታል። ሲወለውሉ የነኩት እሱን ነው። ክፍሉ ይኑርልኝ ካሉም መላ አለው፦ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው መልእክት ገና ሲታይ እንደተነበበ ይቆጠር ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያንሡት። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ራስዎ ተነብቧል ካላሉት ደምቆ ይቆያል። ማስታወቂያ የሚልከውን ግን ያጥፉት አልልም። የልጅዎ እጅ ያረፈበት ነገር ነው፤ እርስዎ ይወስኑ።

ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ፤ ዓርብ ነግሬዋለሁ። «አባቴ አልፈቀደም» ነው ያልኩት። «የባሌ አባት» ማለት ነበረብኝ፤ ግን አፌ የለመደውን አለ። እሱም «የአባት ቃል አይሻርም» ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ። ሊፍቱን የጠገነው ራሱ ነው፤ ክፍት ቆሞ እየጠበቀው በደረጃ ወረደ። አምስተኛ ፎቅ ነበርን።

ትናንት የማሽን ስህተት መሆኑን ልነግረው ስልኩን አንሥቼ መለስኩት። ምን ብዬ ነው የምነግረው? የማሽኑ «እምቢ» ተሰርዟል፤ የእርስዎ «እሺ» ግን ገና አልመጣም። አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ስለጸጸተዎት ብለው እሺ እንዳይሉኝ። ለማካካሻ የተሰጠ ምርቃት ቤት አያቆምም። እውነቱ «ይቅር» ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን የቻልኩትን ዛሬም እችለዋለሁ።

ልጅዎ

*

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ፤ ዓርብ አነበብኩት። ኤፍ ስምንትን ተጫንኩት፤ የታችኛው ክፍል እንደ መሳቢያ ገባ። መልሼ ተጫንኩት፤ ወጣ። ከዚያ ክፍት ትቼው ከፋዩን ላጥኩት። ማስታወቂያውንም አላጠፋሁትም፤ መኖሬን ይንገርልሽ። የሚመጣው ሁሉ ሳልጠራው መምጣቱ ላይቀር፣ ዓይኔን በጨርቅ መሸፈኔ ምን ጠቀመኝ?

እውነቱን ከጠየቅሽኝ እውነቱን ልበልሽ። ሰኞ ጥያቄሽን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አዎ፣ እፎይታ! «እንኳንም ማሽኑ ደበቀልኝ፤ እንኳንም እኔ ሳልናገር ነገሩ አለቀ» አልኩ በልቤ። አንቺ ሰውዬውን እንደመለስሽው ገምቼ ነበር። በሰው ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት ነው ያፈርኩት። ያን ደብዳቤ በጊዜው ባገኘው ኖሮ ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን መረመርኩ። መልሱ ደስ አላለኝም። ከፋዩ ባይኖር ኖሮ ዝምታውን ራሴ አበጀው ነበር።

ስለዚህ ማሽኑን ብቻ አትውቀሺው። አንቺ ከደብዳቤዬ ያነበብሽው «ይቅር» ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። እኔ ሳላውቀው ውስጤ ነበር፤ አንቺ ቀድመሽ አየሽው።

ሳምንቱን ሙሉ ስጸልይ «ፈቃድህ ይሁን» እላለሁ፤ «ይሁን» የምትለዋን ቃል ግን ዋጥ አድርጌ አማትባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩን አየሁት፤ የባለቤቴን። እሷ ካረፈች ወዲህ ሦስት ጊዜ ጨርቅ ቀይሬለታለሁ። ስፖንጁን ሁሉ! መነጽር ሻጩ ባለፈው «ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር እንዴት ነው የሚያልቀው?» ብሎኝ ተቆጥቼው ነበር። ቅዳሜ ግን ጥያቄውን ለራሴ ደገምኩት። እንግዳ ሲመጣ «እዚያ አትቀመጥ» እላለሁ። አንቺም ባለፈው ስትመጪ ድክም ብሎሽ፣ ፌንጣን አቅፈሽ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ እንዳመሸሽ ትዝ አለኝ። ወንበሩ ባዶ ነበር። ታማኝነት ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንቺም በልጄ ቦታ ላይ ማንንም እንዳታስቀምጪ፣ እኔ ወንበሩን እንደምጠብቅ ጠብቂ እያልኩሽ ኖሬያለሁ፤ በአፌ ሳይሆን በኑሮዬ።

ባለቤቴ ብትኖር ምን ትለኝ እንደነበር አውቀዋለሁ። «ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ነው የምትጸልየው?» ነበር የምትለኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩበት። ይኸው እዚያው ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ይመቻል፤ ጥሩ ሥራ ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ይሁን። ስለጸጸተኝ አይደለም፤ ጸጸት እኔ ጋ ይቀመጣል፣ እሱን አልልክልሽም። ይሁን የምልሽ ደግ ሰው ሕይወቱን ሊያካፍልሽ ስለጠየቀሽና አንቺም ስላልጠላሽው ነው። አልጠላሁትም ስትዪ ምን ያህል እንደወደድሽው ገብቶኛል፤ ልጄን ልታገቢ ስትዪም ያልሽኝ ይህንኑ ነበር።

ጎጆሽ ይሙቅ። እንባሽ በሳቅ ይተካ። ከልጄ ጋር የኖርሽው ዘመን አይሰረዝብሽ፤ የሚመጣው ደግሞ በእሱ አይመዘንብሽ። ፌንጣን የሚያሳድግ እጅ ይባረክ። አምላክ የሰጠሽን መልሶ እንዳይወስድብሽ ጧት ማታ እለምነዋለሁ።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። «የባሌ አባት ማለት ነበረብኝ» ብለሻል። አልነበረብሽም። ለሰውዬው ንገሪው፤ የአባት ቃል አይሻርም ካለ ቃሉን አሁን ይስማ። የልጄን ሚስት እየለቀቅሁ አይደለም፤ ልጄን እየዳርኩ ነው። አባት እንደመሆኔም ይህን ደብዳቤ እንድታነቢለት እፈልጋለሁ፤ እፎይ ያልኩበትን ሳታልፊ።

አባትሽ

*

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ውድ አባዬ፣

መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ሰውዬው እሺ ይለኝ ይሆን ብለው ሳያስቡ አልቀሩም፤ እኔም እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። የሚሠራበት የሊፍት ድርጅት በሌላ ሠራተኛ ተክቶት ከሆቴላችን ቀርቶ ነበር፤ ራሱ ጠይቆ ነው። ስደውልለት አያነሣም። ትናንት ከሥራ በኋላ የሚሠራበት ሌላ ሕንፃ ድረስ ሄድኩ። ፌንጣንም ይዤ፤ የሚጠብቅልኝ ሰው አልነበረኝም።

ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ነበር የሚሠራው። ከላይ «ማነው?» አለ።

ፌንጣ ቀድማኝ «እኛ ነን! አያቴ እሺ ብሏል! ኮምፒውተሩን ብርድ ልብስ አልብሶት ነው!» ብላ ጮኸች።

ሕንፃው በሙሉ ሰማ። ጥርስ ስለሌላት ግማሹ ነፋስ ነው፤ እሱ ግን ገባው መሰለኝ፣ የያዘው መፍቻ ወደቀ።

ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት፤ እፎይ ያሉበትንም። እዚያ ጋ ስደርስ እጁን አነሣና «ቆይ፣ እሱን ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ፣ «ዝም ብሎ እሺ ቢለኝ ኖሮ እፈራው ነበር። ይህ ሰው ግን ያለውን ነው የሚናገረው፤ ከእሱ ጋር መኖር ይቻላል» አለ።

«እኔን ነው የምታገባው እኮ፣ እሳቸውን አይደለም» አልኩት።

«አንድ ላይ ነው የምትመጡት» አለኝ።

እንግዲህ አባዬ፣ በፋሲካ ማግሥት እንዲሆን አስበናል፤ ጉልበትዎ ሙቀት ሲያገኝ። በየትኛው በኩል ይቆማሉ ብሎ የሚጠይቅ ካለ በእኔ በኩል ነዎት።

ስለ ቤቱ አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለ፤ ዛሬ ግን ልጻፈው ብዬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሚቀጥለው እጽፈዋለሁ።

ልጅዎ

*

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ልጄ፣

ደስታሽን ያሳየኝ አምላክ ይመስገን። ፌንጣን «አንቺን ብሎ መልእክተኛ!» በይልኝ። ሰውዬው ያለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሊፍት የሚጠግን ሰው ነገር ወዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያውቃል።

ትናንት «ቤት ውስጥ የልጅዎን ፎቶ የት ላድርገው?» ብለሽ ስትጽፊልኝ ተጨንቀሽ ነበር፤ አትጨነቂ። የፈራሽውን ያህል አልከበደኝም። ከበደኝ፤ ግን የፈራሽውን ያህል አይደለም።

የልጄ ፎቶ በፌንጣ ክፍል ይሁን። አባቷ ነው፤ ስትተኛም ስትነሣም ትየው፣ ስትጠይቅሽ ንገሪያት፤ ስትስቂም ስታለቅሺም አይቶሻልና ከእሱ የምትደብቂው የለም። ከእሱ ጋር የተነሣሽውን የሠርግ ፎቶ ደግሞ አልበሙ ውስጥ አኑሪው፤ ባልሽ ሊያየው ከፈለገ አሳዪው፤ ባይፈልግም ቅር አይበልሽ። አዲሱ ባል በየምሳው ከሞተ ሰው ፊት ለፊት እንዲበላ አይገባም፤ ልጄም ቢሆን አይወድም ነበር። ሰው በልቶ ሳይጠግብ ማየት አይሆንለትም ነበር።

በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ግን በሕይወት ያላችሁትን አድርጊ። አንቺን፣ ፌንጣን፣ ሰውዬውን።

የእኔን ፎቶ የት ላድርገው ብለሽ ነበር፤ ከልጅዎ አጠገብ ቢሆን ደስ ይልዎት እንደሆነ ብለሽም ጠይቀሻል። አስቤበታለሁ። ከሕያዋኑ ጋር አድርጊኝ።

አባትሽ